የኮርማዬ አምስተኛ እግር

ለክቡር ኢንጂነር ሳርጎን ኢሻያ
የቤት ሻምሻ ከተማ መግቢያዎች ማስዋቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካሉበት ስብሰባ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የወገብዎ ሕመም፣ ከሁሉም ይልቅ ዓይንዎ እንደምን ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ጥርሴ ተራ በተራ ቢሰናበተኝም እስከ አምስት መቁጠር ገና አላቃተኝም። ዓይንዎን ለይቼ ለምን እንደጠየቅሁ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይደርሱበታል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በነነዌ ጾም በሦስተኛው ቀን፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ ልቤ ግን በእርስዎ ውለታ ሞልቶ ነው። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ። ስብሰባው እኔ ስለጠረብሁት ኮርማ እግር እንደነበር ኋላ ስሰማ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ እንባዬ መጣ። ይህች ከተማ ስለ አንድ ኮርማ እግር ሦስት ጊዜ የሚሰበሰብ ባለሥልጣን አግኝታ አታውቅም። የተሰበረው የውሃ ቧንቧችን እንኳ የተሰበሰቡለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በሻይ ዕረፍት ላይ ተቋርጧል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከስደት ተመልሰን ግማሹን ቤታችንን አመድ ሆኖ ያገኘነው ጊዜ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ኦራሃ፣ እጅህ ሳይደክም በከተማው መግቢያ ላይ እንደ ጥንቱ ያለ ባለ ክንፍ ኮርማ ጥረብልን፤ ሰው ሲመጣ የሚቀበለው ይኑር» አሉኝ። እኔም ከሞሱል እብነ በረድ አንድ ትልቅ ድንጋይ አስመጥቼ፣ በመግቢያው አጠገብ ባለው አውደ ሥራዬ ደጃፍ አቁሜ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠረብሁ። ራሱ የሰው፣ ገላው የኮርማ፣ ክንፉ የንስር ነው፤ ጢሙን ብቻ ለመጠቅለል አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። በጸደይ በሚውለው አዲስ ዓመታችን ዕለት ሊመረቅ ሁለት ወር ሲቀረው ግን ኮሚቴዎ ከነማኅተሙ የሚከተለውን ላከልኝ፦ «በሐውልቱ ላይ አንድ ትርፍ እግር ስለተገኘ፣ የሙያ ስህተት መሆኑ ታውቆ፣ ከበዓሉ በፊት ተቆርጦ እንዲስተካከል፤ ይህ ካልሆነ ሐውልቱ ወደ መጋዘን ተነሥቶ በምትኩ ከፋይበር የተሠራ፣ ባለ አራት እግርና ውስጡ መብራት ያለው ኮርማ እንዲተከል፤ በተጨማሪም የኮሚቴው ሰብሳቢ ሙሉ ስም በጎላ ፊደልና በሚታይ ቦታ እንዲቀረጽ ታዟል።»

ስልሳ ስድስት ዓመት ድንጋይ ስጠርብ የእንስሳ እግር ስንት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አባቴም አልነገረኝም፤ እሱም ከአባቱ አልሰማም። በዕድሜዬ ማብቂያ የደረሱልኝን ኮሚቴዎን አመሰግናለሁ። ይህን ካልሁ በኋላ፣ ቅሬታ ለማለት ልቤ አይደፍርምና፣ ጥቂት አድናቆቶቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ኮሚቴው ሐውልቱን የመረመረበትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ዝናብ ዘንቦ ጭቃ ስለነበር አንዳችሁም ከመኪና ሳትወርዱ፣ መስኮቱን ሩብ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሞተሩም ሳይጠፋ ቆጠራችሁ። ሹፌራችሁ ያቆመው ደግሞ ከማዕዘኑ ላይ ነበር። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ኮርማ በር ላይ ሲያቆሙ የሚያየው ሰው የሚቆምበትን ስፍራ አስበው ነው። ከፊት ለፊት ለሚመጣ ሰው ሁለት እግር ይታየዋል፤ ኮርማው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ በሩን ይጠብቃል። ከጎን ለሚያልፍ ሰው አራት እግር ይታየዋል፤ ኮርማው ይራመዳል፣ አብሮት ይሄዳል። ሁለቱ እንዲሆኑ አንድ እግር መጨመር ነበረበት፤ እሱም ለአንደኛው ተመልካች ይደበቃል፣ ለሌላኛው ይገለጣል። አምስቱን ባንድ ጊዜ ማየት የሚቻለው ከማዕዘኑ ላይ ብቻ ነው። ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ይህን ጥበብ ከነምሥጢሩ ባንድ መስኮት ያገኘ የእርስዎ ሹፌር ነው፤ ሹመት ይገባዋል። እኔማ መንገድ የጠፋው ሰው ካልሆነ በቀር ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚቆጥር አይኖርም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ሁለተኛ። በኮሚቴው ውስጥ የእንስሳት ሐኪም በማካተትዎ የተሰማኝ ኩራት ወደር የለውም። ዶክተር ሃዚምን አከብረዋለሁ፤ የጎረቤቴን የሽሙኒን ፍየል ከሞት አድኗል። ከቆጠራው በማግስቱ ብቻውን ወደ አውደ ሥራዬ መጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ኮርማውን ሲዞረው ቆየና «አያ ኦራሃ፣ ሠላሳ ዓመት ላም አዋልጃለሁ። አምስት እግር ያለው አንድም ቀን አልተወለደልኝም» አለኝ።

«ክንፍ ያለውስ ስንት ተወልዶልሃል?» አልሁት።

ቀና ብሎ ክንፉን አየና «ክንፉማ ጌጥ ነው» አለ።

«ዘውድ ደፍቶ፣ ጢሙን ተጠቅልሎ፣ ጉትቻ አድርጎ የመጣስ አለ?»

«እሱንም እንደ ጌጥ ይዘነዋል።»

«እና ሃዚም ልጄ፣ ይህ ኮርማ ሰው ሆኖ ቢያይህ፣ ንስር ሆኖ ቢበርብህ ዝም ብለህ፣ በእግሩ ብቻ ነው የተጣላኸው?»

«እኔ ምን ላድርግ አያ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው እግር ነው» አለኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ እውነተኛ ሰው ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለክንፉና ለሰው ፊቱ ስላደረጉልኝ ምሕረት እጅ ነሥቻለሁ። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ራሴ ከዘራዬን ጨምሬ በሦስት እግር ነው የምሄደው። መመሪያው ሽማግሌዎችንም የሚመለከት ከሆነ አስቀድመው ያስታውቁኝ፤ የትኛው ትርፍ እንደሚባል ገምቼ ልዘጋጅ።

ሦስተኛ። ስለ ስምዎ። ነፍሱን ይማረውና አባትዎ ኢሻያ «ሳርጎን» ብሎ ስም ሲያወጣልዎ እኔ ጥምቀቱ ላይ ነበርሁ፤ የቄሱን ጢም ጨብጠው አልለቅ ስላሉ «ይህስ ንጉሥ ይሆናል» ብለን ሳቅን። ስምዎን ያገኙበት ንጉሥ ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ከተማ ሠራ፤ በበሮቹም ላይ ግዙፍ ኮርማዎች አቆመ። ስንት እግር እንደነበራቸው መናገር ነውር ይሆንብኛል፤ ከአራት እንደሚበልጥ ብቻ ይወቁት። በእግሮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ስሙንና ሥራውን አስቀረጸ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያፈርስ ሰው ዘሩ እንዲጠፋ፣ ስሙም ከምድር እንዲሰረዝ መራገም የነገሥታቱ ልማድ ነበር፤ ጨካኝ ዘመን ነው መቼም።

ፈረንጆች መጥተው ከእነዚህ ኮርማዎች አንዳንዶቹን ሰንጥቀው በወንዝ ጭነው ወሰዱ። ወሰዱ እንጂ፣ አገራቸው ሲደርሱ ስባሪውን ከስባሪ ገጥመው፣ እግሩን አንድ በአንድ ቆጥረው አቆሙት። እስከዛሬ በየትልልቁ አዳራሻቸው ሕዝብ ተሰልፎ ያየዋል፤ እነዚያ ባዕዳን መቁጠር የሚያውቅ ኮሚቴ አጥተው ይኸው አምስቱንም እግር እየጠረጉ ይኖራሉ።

እውነት ለመናገር ግን እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። የንጉሥ ሳርጎን ልጅ ሰናክሬም አባቱን ሊያሻሽል ፈልጎ ነነዌ ላይ ባለ አራት እግር ኮርማ አሠርቷል። ይህን የምነግርዎ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲጠቅሱት ብዬ ነው። ሰናክሬም ምን እንደሆነ በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ሰምተናል፤ በአምላኩ ቤት ሲሰግድ የገዛ ልጆቹ በሰይፍ መቱት። በኮርማው እግር ምክንያት ነው አላልሁም። አምስተኛው እግር ቢኖር ኖሮ አይሞትም ነበር ብዬም አልከራከርም። ብቻ ነገሩን አስቤዋለሁ።

አራተኛ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ጅርጂስን ከነድንጋይ መቁረጫ ማሽኑ ስለላኩልኝ ምስጋናዬን በምን ቃል ልግለጸው? ጅርጂስ የደህና ሰው ልጅ ነው። ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ደጄ ላይ ቆመና «አያ ኦራሃ፣ እንዳይቀየሙኝ። ታዝዤ ነው» አለኝ።

«ታዝዞ የመጣ ሰው ምን ይደረጋል፣ ጾም ባይሆን ሻይ አፈላልህ ነበር። የትኛውን ልትቆርጥ ነው?»

«ትርፉን ነዋ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ከፊት ለፊት ቆሞ ቆጠረ። «ከዚህ ሁለት ነው። አንዱን ብወስድበት በአንድ እግሩ የቆመ ሽመላ ይመስላል።» ወደ ጎን ዞረ። «ከዚህ አራት ነው። ይቺን ብቆርጣት ያነክሳል። ያቺንም ብቆርጣት ያነክሳል።» ከዚያ ወደ ማዕዘኑ ሄደ፤ መኪናችሁ ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ፣ የጎማዋ ፈለግ ገና እዚያው አለ። «ከዚህ አምስት ሆነ» አለ።

«ታዲያ ትርፉ የቱ ሆነ?»

ጅርጂስ አገጩን አክኮ አክኮ፣ «አያ፣ እንደኔ ትርፉ ይሄ የቆምሁበት ቦታ ነው» አለኝ።

ጎረቤቴ ሽሙኒ ባልዲ ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከእኔ በቀር የምትቆጣው ሰው ስለሌላት ምላሷ ስለታም ነው። ጅርጂስ በትእዛዝ ወረቀቱ ጀርባ ላይ «ትርፍ እግር አልተገኘም፤ ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው» ብሎ ሲጽፍ ከትከሻው በላይ አነበበችና «ማዘጋጃ ቤቱ ከቆጠረው ሁሉ በሥራ ላይ የተገኘ ይሄ ኮርማ ብቻ ነው» አለች። እኔ የራሷን ቃል ማስተላለፌ ነው፤ ሴት ወይዘሮ ስለሆነች ላቋርጣት አልቻልሁም።

ጅርጂስ ማሽኑን እኔው ጋ ትቶት ሄደ። ማታ ማታ አየዋለሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ እኛ ሌሊቱን ሙሉ በእግር ስንሸሽ እርስዎ ቀድመው በመኪና ወጥተው ነበርና ምናልባት አላዩ ይሆናል፤ ያኔ ጥቁር ባንዲራ የያዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ማሽን ይዘው መጥተው በነነዌ በር የቆመውን የዚህን ኮርማ ታላቅ ወንድም ፊቱን ቦረቦሩት። እነሱም ትርፍ ነው ብለው ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ ያልሠለጠኑ ስለነበሩ ሙሉውን ነው ትርፍ ያሉት፤ ቃለ ጉባኤ አልያዙም፣ ማኅተምም አልነበራቸውም። እርስዎ በአንድ እግር ብቻ ስለተወሰኑ፣ ያውም በጽሑፍ፣ ልዩነቱን ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ።

የጾሙንም ነገር ላንሣው። ነቢዩ ዮናስ በዚህች ምድር ላይ ሲሰብክ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፣ ሰውም እንስሳም አንዳች እንዳይቀምስ አዋጅ ወጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በነነዌ አገር ይህን ሦስት ቀን ላምና በሬ እንኳ ይጾማል ተብሎ ይነገራል። በዚህ ሁሉ ዘመን በነነዌ ጾም የኮርማ እግር ካልበላሁ ያለ የመጀመሪያው ኮሚቴ የእርስዎ ነው። ካህናቱን ጠይቄልዎ ነበር፤ የድንጋይም ቢሆን ያስገድፋል ብለዋል።

እንግዲህ ቀልዱን ለአንድ አፍታ ላቁመውና፣ ዕድሜዬን አይተው ይታገሡኝ። ናህሪን የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የተወለደችው እዚያ በረዶ አገር ነው። የኮርማውን ምስል በስልክ ልኬላት ነበር። አምስቱንም እግር ቆጠረችና፣ ለምን እንደሆነ ስነግራት «አባባ፣ ለሚመጣ ሰው ይቆማል፣ ለሚሄድ ሰው አብሮት ይሄዳል አይደል? እንግዲያው ያቺ እግር የእኔ ናት» አለችኝ። ለአዲስ ዓመት ከእናቷ ጋር ትመጣለች፤ እግሯን ልታይ። ከዚህች ከተማ የወጣው ሰው ከቀረነው ይበዛል። የቀረነውን የሚጠብቁ ሁለት እግሮች አሉን። የሄዱትን የሚሸኝ ግን አንድ እግር ብቻ ነው፤ እርስዎም ትርፍ ያሉት እሱኑ ነው። እጄ ከዚህ በኋላ ሌላ ድንጋይ አይጠርብም። ባለ መብራቱን ኮርማም ናሙናውን አይቼዋለሁ፤ ቀላል ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ራሱ ይሄዳል። በእርግጥ ለእሱ አምስተኛ እግር አያስፈልገውም።

ልጅ ሳሉ አውደ ሥራዬ ደጃፍ ላይ ኳስ ሲጫወቱ የድንጋይ አንበሳዬን ጭራ ሰብረውብኝ ነበር። አባትዎ ጆሮዎን ይዞ አመጣዎና እኔ «ተወው ኢሻያ፣ ልጅ ነው፣ ሳያውቅ ነው» ብዬ አስለቀቅሁዎ። አሁን ሳስበው ለሹመት እየተለማመዱ ነበር። ጆሮዎን የያዘው እጅ ዛሬ የለም፤ አስለቃቂው ግን እስካሁን አለሁ፣ አሁንም «ሳያውቅ ነው» ለማለት ዝግጁ ነኝ። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ ከመኪናዎ ወርደው፣ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከጎን ቆመው ይዩት። ጫማዎን እኔ እጠርግልዎታለሁ።

አምስተኛ ነጥብም ነበረኝ። ሆኖም ኮሚቴው ከአራት በላይ የሆነውን ሁሉ እንደ ትርፍ ስለሚቆጥር፣ ለመቁረጥ እንዳይቸገሩ ብዬ ራሴ ከዚህ ላይ አንሥቼዋለሁ።

ጤና፣ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁ፤ ወንበርዎ በአራቱም እግሩ ጸንቶ እንዲቆምልዎ እየጸለይሁ፤ የእግር ቁጥር ያስተማሩኝን ውለታ እስከ መቃብሬ የማልረሳ፣

ታዛዥዎና የአባትዎ ወዳጅ፣
ኦራሃ ዛያ
ድንጋይ ጠራቢ፣ ባለ ሦስት እግር
ቤት ሻምሻ፣ በነነዌ ጾም

ማስታወሻ፦ ያነሣሁት አምስተኛ ነጥብ ይኸው ነው፤ መጣል አሳዘነኝ። ሙሉ ስምዎ በጎላ ፊደልና በሚታይ ቦታ እንዲቀረጽ በታዘዘው መሠረት ሥራውን ትናንት አጠናቅቄያለሁ። ሌላው ቦታ ሁሉ በክንፍና በጢም ስለተያዘ፣ ስምዎን በአምስተኛው እግር ላይ፣ ከጉልበቱ እስከ ሰኮናው፣ አንድ ጣት ጠልቆ በሚገባ ፊደል ቀርጬዋለሁ። እርግማኑን ግን ጾም ስለሆነ ትቼዋለሁ። ማሽኑ እኔ ዘንድ ስላለ ጅርጂስን መልሰው ሊልኩት ቢፈልጉ ከየትኛው ፊደል መቁረጥ እንዲጀምር በማኅተም ይዘዙልኝ። ወደ ከተማችን የሚመጣ እንግዳ ከፊት ለፊት ስለሚያይ ስምዎን አያገኘውም፤ ለቆ የሚወጣ ሰው ግን በጎኑ ስለሚሄድ ሳያነበው አያልፍም።